እትዬ ዘነቡ ካምፕ የወጡ ጊዜ

ባለፈው ቅዳሜ ማሪቢርኖንግ ወንዝ ዳር ልጆቹን ድንኳን አስተክላለሁ ብዬ ከረጢቱን ስፈታ፣ ጭቃና ሣር የጠጣ እርጥብ ሸራ ሽታ ሽው አለኝና የሃያ ሴት ልጆች መሪ መሆኔን ረስቼ የአሥር ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ያኔ ከአገር ወጥተን አስኮት ቬል በሚባል ሰፈር፣ መንግሥት የሚያከራየው ፎቅ ላይ ነበር የምንኖረው። የሰፈሩ የሴት ልጆች የስካውት ቡድን ጫካ ወጥቶ ሁለት ሌሊት ሊያድር ሲል፣ እናቴ "ሴት ልጅ ቤቷ ነው የምታድረው" ብላ የፈቃድ ወረቀቱን ሳትፈርም ፍሪጁ አናት ላይ ወረወረችው። ለቅሶዬን በግድግዳው የሰሙት ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ፣ ድንኳን ቀርቶ ስሊፒንግ ባግ የሚሉትን የመኝታ ከረጢት እንኳ በዓይናቸው አይተው የማያውቁት ሴትዮ፣ ሄደው በበጎ ፈቃድ መሪነት ተመዘገቡ። እናቴን "እኔ እያለሁላት ምን ትሆናለች?" አሏት። ፈረመች።

እትዬ ከነነጠላቸው፣ በጎማ ቦት ጫማ፣ ሠርግ የሚያበላ ዳቦ ተሸክመው መጡ። ፈረንጇ መሪ ገመድ አስተሳሰር ስታስተምረን እሳቸው ከኋላ ከኋላ እየዞሩ ያሰርነውን ሁሉ ያጠብቁልን ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ለእያንዳንዳችን ሦስት ሦስት የክብሪት እንጨት ተሰጠን፤ ብቻዋን እሳት አንድዳ ውኃ ያፈላች ልብሷ ላይ የሚሰፋ የሽልማት ባጅ ታገኛለች። ያንን ባጅ እንዴት እንደተመኘሁት! ሁለቱ ክብሪቶች እርጥቡ እንጨት ላይ ከሰሙብኝ፤ በሦስተኛው ጭስ ብቻ ወጣ፤ ተንበርክኬ እፍ እፍ ስል፣ እንባዬ ሲወርድ፣ እትዬ አላስቻላቸውም። ጎንበስ አሉ፣ እንጨቱን አስተካከሉ፣ አንዴ እፍ ሲሉት ቦግ አለ። ፈረንጇ መሪ ባጁን ስታድል እያዘነች ስሜን ዘለለችው።

"ለምን መጡ? ማን ጠራዎት?" ብዬ በእንግሊዝኛ ጮህኩባቸው። ቃሉን ባይረዱትም ቁጣው ገባቸው።

"ልጅ ጭስ ስትውጥ እያየሁ እንዴት ልቀመጥ፣ ልጄ?" አሉኝ ቀስ ብለው።

ከዚያ ወዲያ ወደ ቡድኑ አልተመለሱም፤ እሳቸው ከሌሉ ደግሞ እናቴ ሁለተኛ አልፈረመችም። በገዛ አፌ ሁለታችንንም አስቀረሁ።

ዛሬ ከመሪነት ሥራ ሁሉ የሚከብደኝ እጄን ኪሴ ከትቼ መቆም ነው። ልጆቹ ይታገላሉ፣ ይችላሉ፣ ባጃቸውን እኔው እሰጣቸዋለሁ፣ ደስም ይለኛል። እትዬን ከቀበርናቸው ሦስት ዓመት ሆነ። እስኪሞቱ ድረስ የፎቁ ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ ጉንጬን ይስሙኝ ነበር እንጂ ያን ቀን አንስተውብኝ አያውቁም፤ እኔም ነገ፣ ነገ እያልኩ ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ። ከእሳቸው ወዲህ ሳልጠራው የመጣልኝ ሰው የለም።