ፋሲካ የሌለው ጾም

እስካለፈው ሳምንት ድረስ ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ለነፍስ አባቴ እንኳን። እሳቸው ቢሰሙ፣ ነፍስ አዳንሽ እንጂ ምን በደልሽ ብለው፣ ጥቂት ስግደት አዘው ያሰናብቱኛል ብዬ ፈራሁ። ሌላው ሰው ቅጣት ይፈራል፤ እኔ የፈራሁት በቀላሉ ይቅር መባልን ነው። እናንተ ግን አታውቁኝም፣ ልታባብሉኝም ምክንያት የላችሁም። ስለዚህ እናንተው ስሙኝ።

ስዊድን አገር፣ ሁዲንጌ ውስጥ ሄምቸንስት ነው የምሠራው፤ ቤት ለቤት እየዞርኩ አቅመ ደካሞችን እረዳለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ አዲስ ሰው ተሰጠኝ። በሩን የከፈቱልኝ ነጭ የለበሱ፣ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ ህንዳዊ ሽማግሌ ናቸው። ከየት እንደመጣሁ በስዊድንኛ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና በአማርኛ፣ "የቤት ሥራ ሠርተሻል?" አሉኝ። 

ለካ በወጣትነታቸው ደሴ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። መቼም ህንድ አስተማሪ ያልቆነጠጠው ያገሬ ሰው ጥቂት ነው። ከዚያ አገራቸው ገብተው፣ ሚስታቸው ስትሞትባቸው ጠመኔውን ጣሉና አንድ መንፈሳዊ መምህር እግር ሥር ለብዙ ዓመት ተቀመጡ። በኋላም ራሳቸው መምህር፣ ጉሩ ሆኑ፤ ስዊድናውያን ተማሪዎቻቸውም ወደዚህ አመጧቸው። እነሱ ጉሩጂ ይሏቸዋል፣ እኔ ግን አባባ ነበር የምላቸው። አንድ ፎቅ ምድር ቤት ውስጥ ትንሽ አዳራሽ ነበረቻቸው። ተአምር ሲሠሩ አላየሁም። ስኳር ተከልክለው ሳለ ትራስ ሥር ከረሜላ ሲደብቁ ግን በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

ከትምህርታቸው ሁሉ የገባኝ አንድ ደንብ ነው። እሳቸው ቤት ማንም ሰው የጠጣበትን ኩባያ ራሱ አያጥብም፤ ሌላው ያጥብለታል። ታዲያ ሁሉም ሰው ሲሄድ የመጨረሻውን ማን ያጥበዋል ብዬ ብስቅባቸው፣ እኔ አለሁ አይደል እንዴ አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ያጥቡት ነበር።

ሥጋ ባፋቸው ዞሮ አያውቅም፤ እንቁላል እንኳን አይነኩም። እኔም ጾመኛ ነኝና በዚህ ተግባባን። ሽሮዬን ሲበሉ ጣታቸውን ይልሱ ነበር። አንድ ሁዳዴ ላይ ልቀልድባቸው ብዬ፣ የእናንተ ጾም መቼ ነው የሚፈታው አልኳቸው።

"የእኛ ጾም ፋሲካ የለውም፣ ልጄ" አሉኝ።

እዚህ ከተማ ውስጥ ልጄ የሚለኝ ሌላ ሰው አልነበረኝም።

አንድ ጥር ላይ፣ በረዶው በከበደበት ሰሞን፣ የሳንባ ምች ያዛቸው። ሆስፒታል አልገባም አሉ። ምግቡ እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ የምስር ውሃ ብቻ ሆነ፣ እሱንም ፉት ብለው ይተውታል። ሐኪሙ የሚያጽናና ቃል አልነበረውም፤ ኃይል የሚሰጥ ነገር ካልወሰዱ ብዙ አይቆዩም አለ። ከተማሪዎቻቸው ዋነኛዋ፣ ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት መምህርት፣ ኡላ የምትባል፣ ግርጌያቸው ተቀምጣ ታለቅሳለች። እኔ እንባ እንኳን አልመጣልኝም። ዓይኔ ላይ የመጣው መረቅ ነው። አገሬ የታመመ ሰው ሲያቅተው ምን እንደሚደረግለት አውቃለሁ።

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚባለው እኔን ነው። ሪንከቢ የሚባል ሰፈር ድረስ ሄጄ የበሬ ቅልጥም ገዛሁ። ቤቴ ወስጄ ቀቀልኩት፣ ስቡን ገፈፍኩት፣ በንጹሕ ጨርቅ አጠለልኩት። በዚያ መረቅ የምስር ክክ ሠራሁና ሽታው እንዲጠፋ ዝንጅብልና እርድ አበዛሁበት። እኔ ነኝ የገዛሁት። እኔ ነኝ የቀቀልኩት። እኔ ነኝ ራሳቸውን ደግፌ በማንኪያ ያጠጣኋቸው፣ ምስር ነው አባባ፣ ምስር ነው እያልኩ። እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ ሕፃን አፋቸውን ከፈቱልኝ። አምነውኝ ነዋ! እስኪበረቱ ድረስ እንደዚያው አደረግኩ።

ምን ብዬ ራሴን አታለልኩ? በእኛ ቤተ ክርስቲያን የታመመ ሰው ከጾም ይፈታል። እሱን ይዤ ነው። ግን የሚፈታው ማን ነው? ካህኑ አይደል? በሽተኛውስ አውቆና ፈቅዶ አይደል? በሰው እምነት ላይ እኔን ማን ካህን አደረገኝ? እኔ እኮ ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ የነካ ቢላ ደጋግሜ ካላጠብኩ ሽንኩርት የማልከትፍ ሴት ነኝ። አንድ ሰው ሽሮዬ ውስጥ ደብቆ ቅቤ ቢጨምርብኝ፣ ዕድሜ ልኬን ዓይኑን አላይም ነበር። ለእሳቸው ብዬ ነው እንዳልል ደግሞ አፌን ይይዘኛል። ልጄ የሚለኝ ሰው እንዳይሞትብኝ ነው። ለራሴ ብዬ ነው።

ተነሱ። መረቁ ይሁን፣ የኡላ ጸሎት ይሁን፣ ቀናቸው አለመድረሱ ይሁን፣ ዛሬም አላውቅም። አዳራሹ ሁሉ ጉሩጂን ጸሎትና ምስር አስነሳቸው አለ። እኔም ቅልጥሙን ትቼ እንደ ድሮው በውሃ ብቻ ሠራሁላቸው። ኡላ አጠገባችን ስለተቀመጠች በስዊድንኛ ነው የምናወራው። አንዴ ቀመሱና ማንኪያውን አስቀመጡ።

"ያኛው ይጣፍጥ ነበር" አሉ። "ምን ጨምረሽበት ነበር?"

እዚህ ላይ ቁሙልኝ። ቅልጥሙን ስቀቅል ሞት ፈርታ ነው በሉኝ፤ ለዚህኛው ግን ምን ሰበብ አለኝ? ድነዋል። ተቀምጠው ያወራሉ። እውነቱን ልናገር ብል በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶልኛል። ቢቆጡ ይቆጡ፣ ንስሐ ካላቸው ንስሐቸውን ይግቡ፤ የእሳቸው ጾም፣ የእሳቸው ነፍስ ነው። እኔ ግን ምን አልኩ?

"ፍቅር ነው፣ አባባ።"

ምናለ ጨው ነው ብል! ሳቁ። ኡላ ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመታት ኖረው በሰላም አረፉ። እንደ አባቴ ነው ያለቀስኳቸው። ከሞቱ ወዲህ በየዓመቱ፣ መታሰቢያቸው ሲደርስ፣ ምስሩን እንድሠራ እኔን ይጠሩኛል። ኡላ ተነስታ ጉሩጂ እንዴት በምስር ብቻ ከሞት እንደተመለሱ ታወራለች። ያቺን "ፍቅር ነው" ያልኳትን ቃሌንማ በቀይ ክር ጠልፋ የአዳራሹ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቅላታለች። እኔ ከሥሯ ቆሜ እቀዳለሁ፤ ሰዎቹ እጃቸውን አጋጥመው፣ አጎንብሰው ይቀበሉኛል። ያ ሁሉ ዘመን የደከሙበት ትምህርት እያለ፣ ሰው ይዞ የቀረው የእኔን ውሸት ነው። ስንት ጊዜ ጭልፋውን ጥዬ ልናገር ብዬ መልሼ ቀዳሁ!

ዘንድሮ ኡላ ታመመች። ሆዷን ቀዶ ጥገና አድርገውላት ቤቷ ገባች፤ እኔም የምረዳት ሰው ሆና ተሰጠችኝ። ሐኪሞቹ አቅም የሚሰጥ መጠጥ በጠርሙስ አዘውላታል። ማቀዝቀዣዋን ብከፍት ሁሉም እንደታሸገ ተደርድሯል። ለምን አልጠጣሽም ብላት፣ የአንቺን ምስር ሥሪልኝ አለችኝ። ጉሩጂን ያስነሳ እኔንም ያስነሳኛል አለች። እጇን ብይዘው አጥንት ብቻ ነው።

ስዊድን አንቱታ አያውቅም፣ እኔም ለኡላ ከተውኩት ቆይቻለሁ። ግን የዚያን ቀን ከፊቷ እንደ ተከሳሽ ነው የቆምኩት።

"ኡላ፣ ምስር ብቻ አልነበረም" አልኳት። "የበሬ ቅልጥም መረቅ ነበረበት። እኔ ነኝ የጨመርኩት።"

አልጮኸችም። ትጮኻለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። እሳቸው ያውቁ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ሲጠይቁኝ ዋሸኋቸው፣ አንቺም ሰምተሻል አልኳት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔ አንድ ጠርሙስ ከፍቼ አጠገቧ አስቀመጥኩ። ሻይ የጠጣሁበትን ኩባያ አንስቼም ወደ ማጠቢያው ሄድኩ፤ ሐፍረት ደንቡን አስረሳኝ።

"ተይው" አለችኝ፣ ሳትዞር። "እሱን እኔ አጥበዋለሁ።"

በማግስቱ ስመጣ ጠርሙሱ ባዶውን ቆሟል። ኩባያዬም ታጥቦ ተደፍቷል። እሳቸው ሲታመሙ አልመጣ ያለኝን እንባ የዚያን ጊዜ አለቀስኩት። መታሰቢያቸው ሲደርስ ለአዳራሹም ራሴ ቆሜ እናገራለሁ፤ ኡላም ያቺን ጥልፍ አስወርዳታለች።

ይህን ምሕረት ልበለው? የኡላን ተቀብያለሁ። የእሳቸውን ግን እሷ ልትሰጠኝ አትችልም፤ እናንተም አትችሉም። ነፍስ አዳንሽ አትበሉኝ፣ ወደሻቸው ነው አትበሉኝ። አዎ፣ ወድጃቸዋለሁ። የሚወዱትን ሰው ነው እንዴ እንዲህ የሚያደርጉት?

አባባ፣ የቤት ሥራዬን ሳልሠራ ብዙ ቆየሁ። ምን ጨምረሽበት ነበር ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ቅልጥም ነው፣ አባባ። የበሬ ቅልጥም። ይቅር ይበሉኝ።