የነፍስ አባቴ ምንጣፍ

ጉልበቴን የሚያየው ዶክተር፣ መድኃኒት ከሚጨምርልኝ እንቅስቃሴ ባደርግ እንደሚሻል ነገረን። ልጄ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው አፓርታማችን ብዙ ወደማይርቅ የአረጋውያን ማዕከል ወስዳ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ለሚሰጠው ዮጋ አስመዘገበችኝ። በሕይወቴ ሱሪ ለብሼ አላውቅም። የልጅ ልጄ የራሷን አውጥታ ሰጠችኝ፤ ከላዩ ቀሚሴን ደረብኩበትና ሄድኩ።

አስተማሪዋ ሕንዳዊት ናቸው። በዕድሜ ከእኔ ይበልጣሉ፤ ወገባቸው ግን እንደ ሸንበቆ ቀጥ ያለ ነው። ከአሌክሳንድሪያ በባቡር እየተመላለሱ ነው የሚያስተምሩት። እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ እንግሊዝኛ ያስተማሩን ደግሞ ሕንዳዊ ነበሩ። ስለዚህ ከአሜሪካኖቹ ይልቅ የእኚህ ሴትዮ አነጋገር ይገባኛል። ይህን ለልጄ ስነግራት፣ "አሥር ዓመት አሜሪካ ኖረሽ እንግሊዝኛሽ ከሕንድ ይምጣ?" ብላ ሳቀችብኝ።

ወለል ላይ መቀመጥ የማንችለው አምስት ነበርን። ወንበር ሰጥተው ከኋላ ደረደሩን። እኔ የደረሰኝ ከምሰሶ ጀርባ ነው። ከዚያ ሆኜ የሚታየኝ የአስተማሪዋ ግራ ክርን ብቻ ነበር። ድምፃቸውም ዝግ ያለ ነው፤ አይደርሰኝም። ሌሎቹ እጃቸውን ሲያነሱ አነሳለሁ፣ ሲያወርዱ አወርዳለሁ።

ከፊት ግን፣ ከአስተማሪዋ አጠገብ፣ ሁልጊዜ አንድ ምንጣፍ ይዘረጋል። ብርቱካናማ ነው፤ ቀለሙ ለቋል። ማንም አይቀመጥበትም። ባለቤቱ ይመጣል እያልኩ ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። አልመጣም። እኔ ደግሞ ያላግባብ የተያዘ ቦታ ሳይ አያስችለኝም። በአውቶቡስም፣ በሠርግም፣ በለቅሶ ቤትም እንዲሁ ነኝ። በአራተኛው ሳምንት ትምህርቱ ሲያልቅ አስተማሪዋ ፊት ሄጄ ቆምኩ።

"ይህ ሰውዬ የማይመጣ ከሆነ ቦታ የሚይዘው ለምንድን ነው?" አልኳቸው። "እኔ የምማረው ከምሰሶ ጋር ነው።"

"ሰውየው አስተማሪዬ ናቸው" አሉኝ። "ካረፉ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል።"

አጠገባችን ምንጣፏን የምትጠቀልል አሜሪካዊት አንገቷን አዙራ አየችኝ። ማፈር ነበረብኝ፤ ግን ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ነበር።

"ለሞተ ሰው ቦታ አለ፤ በሕይወት ላለ ሰው የለም?"

አስተማሪዋ ከሆዳቸው ሳቁ። ከዚያ ሄደው ወንበሬን በራሳቸው እጅ አንስተው አመጡና ብርቱካናማው ምንጣፍ ላይ አስቀመጡት። "ሐሙስ እዚህ ነሽ" አሉኝ።

ሐሙስ ተቀመጥኩ። ቁልቁል ሳይ ምንጣፉ ጉልበት በሚያርፍበት ሁለት ቦታ ሳስቷል። የሰውየው ጉልበት ነው። ያን ጊዜ እፍረቱ መጣ። ትምህርቱ ሲያልቅ ጎንበስ ብዬ የአስተማሪዋን ጉልበት ልስም ስል፣ ልክ እንደ አገሬ ሽማግሌ ትከሻዬን ይዘው ቀና አደረጉኝ። እኔ አሁንም ጎንበስ እላለሁ፤ እሳቸው አሁንም ያነሱኛል። እንዲህ ስንታገል ሌሎቹ ጫማቸውን አድርገው ወጡ።

አስተማሪዋ ከእንቅስቃሴው በኋላ ጥቂት ይናገራሉ። ማንንም አትጉዱ፣ አትዋሹ፣ ያልሰጧችሁን አትውሰዱ፣ ከሚያስፈልጋችሁ በላይ አታከማቹ ይላሉ። ይኼ ለእኔ አዲስ አልነበረም። አንዱ ብቻ አልዋጥልሽ አለኝ፤ ሰው ሥራውን ይሥራ እንጂ ፍሬው ላይ ልቡን አይጣል የሚለው።

"የዘራ ሰው ልቡን ፍሬው ላይ ካልጣለ ማን ሊያጭደው ነው?" አልኳቸው። "ይኼ የባለርስት ትምህርት ነው። እኛ አገር ጭሰኛውን እንዲህ ነበር የሚሉት።"

"እኔም ከአስተማሪዬ ጋር በዚሁ ሁለት ዓመት ተከራክሬያለሁ" አሉኝ።

"ማን ረታ?"

"አልጨረስንም" አሉ፤ ምንጣፉንም ቀስ ብለው ጠቀለሉት።

እንደዚያ ሲጠቀልሉ ሳይ አባ ትዝ አሉኝ። አባ የነፍስ አባቴ ናቸው፤ አገር ቤት አርባ ዓመት ነፍሴን የያዙ ቄስ። ልጄን ያጠመቁ፣ ባለቤቴን የቀበሩ እሳቸው ናቸው። ቤታችን መጥተው ጠበል ረጭተው ማዕድ ሲቀርብ እጃቸውን አይሰዱም። "ከጓዳ ያለችውስ በልታለች?" ይላሉ። ሠራተኛዋ ወጥታ አብራን ካልተቀመጠች አይባርኩም። ባለቤቴ በመጀመሪያ ቅር ይለው ነበር፤ በኋላ ራሱ ይጠራት ጀመር። ለፍርድ ያለኝን ግትርነት ሰው ከአባቴ የወረስኩት ይመስለዋል። ከአባ ነው የተማርኩት።

በእኛ ሥርዓት አንድ ሰው ሌላ የነፍስ አባት የሚይዘው የፊተኛው ሲያሰናብተው ነው። ወደ አሜሪካ ስመጣ አባ ሱባዔ ገብተው ገዳም ነበሩ፤ ሳልሰናበታቸው ተሳፈርኩ። እዚህ ቤተ ክርስቲያን ያሉ አባቶች የነፍስ አባት እንድይዝ ሲመክሩኝ "አባ አላሰናበቱኝም" እላለሁ። እውነት ነው፤ ግን ሙሉው እውነት አይደለም። አንድ ጊዜ በስልክ አባ ራሳቸው ጀምረውት ነበር። "ልጄ፣ ሩቅ ነሽ። እዚያ ያለ አባት ያዢ፣ እኔ ላሰናብትሽ" አሉኝ። እኔም "አባ፣ መስመሩ እየተቆራረጠ ነው፣ አይሰማኝም" ብዬ ዘጋሁት። መስመሩ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። ዶሮአቸው ሲጮህ ሁሉ ይሰማኝ ነበር።

የሕንዷ ሴትዮ ትምህርት ሲገባኝ ግን አንድ ሐሳብ ያዘኝ። እምነቴን ልለውጥ አልነበረም፤ ማተቤ አንገቴ ላይ ነው። ቢሆንም ነፍስ የሚነካ ነገር ከሌላ ሰው እየተማርኩ፣ ለአባ ሳልነግር መቅረቱ ስርቆት መስሎ ታየኝ። ይሰሙኝ፤ ከፈለጉም ያሰናብቱኝ ብዬ ቆረጥኩ።

"ለአባ ኮል አድርጊልኝ" አልኳት ልጄን።

"ለስፖርት ነው እኮ የላክሁሽ እማዬ። ለዮጋ የቄስ ፈቃድ ያስፈልጋል?"

"ያንቺን አልጠየቅኩም። ደውዪልኝ።"

አባ ገዳም ገብተዋል አለችኝ። በሌላ ሳምንት ስልካቸው ተበላሽቷል። በሌላው ደግሞ ሺፍት ደርቤያለሁ። ልጄ አሌክሳንድሪያ ካሉ ጴንጤዎች ጋር ነው የምታመልከው፤ ቄስ መጥራት ከብዷት ነው ብዬ ትንሽ ተቀየምኳት። ለገና "አባ ሰላም ብለውሻል" ስትለኝ ግን መርቄያታለሁ።

ዳግማይ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ገና ሲነጋ በር ተንኳኳ። ከእድራችን አራት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ልጄ ከኋላቸው ቆማለች፤ የሥራ ልብሷን አልለበሰችም። በዚያ ሰዓት፣ እንደዚያ ለብሶ የሚመጣ ሰው የሚያመጣው ወሬ አንድ ነው። አገር ቤት ያለው ወንድሜ የሞተ መሰለኝ።

"አባ አርፈዋል" አለች ትልቋ።

"መቼ?"

ሁሉም ወለሉን አዩ።

"መቼ ነው ያልኩት?"

"ፍልሰታ ላይ" አለች ልጄ።

ስምንት ወር። ወደ እሷ ዞርኩ። "ለገና ሰላም ብለውሻል አላልሽኝም?"

"ደምሽ ከፍ ይላል ብዬ ነው እማዬ። ዶክተሩ እንዳትደነግጥ ብሎን…"

"ዶክተሩ ውሸት አዘዘልኝ?"

"ተይ እንግዲህ" አለች አንደኛዋ እጄን ይዛ። "መርዶ መቼም ቀን ይጠበቅለታል፤ ላንቺው ብላ ነው። ደግሞ አሁን ተፈትተሻል እኮ። እዚህ ካሉት አባቶች አንዱን ትይዣለሽ።"

ምኑን ተፈታሁት? ሰው በሞት ሲለይና በቃሉ ሲያሰናብት አንድ ነው? እጄን ቀማኋትና አለቀስኩ። ሴቶቹ አብረውኝ አለቀሱ። ልጄም አለቀሰች፤ ግን የእሷ ልቅሶ የስምንት ወር ነው፣ የእኔ የዚያን ቀን ነው። ሦስት ቀን አላናገርኳት። በአራተኛው፣ ከእንግዲህ የሚሞት ሰው ካለ ወሬው በመጣበት ቀን እንድትነግረኝ አስማልኳት። ልታባብለኝ ስትጀምር "ለቅሶዬ የራሴ ነው፤ አትቆልፊብኝ" አልኳት። ማለች።

ማክሰኞ ከዮጋ ቀርቼ ነበር። ረቡዕ የአስተማሪዋን አድራሻ ይዤ ብቻዬን ወጣሁ። ቀዩን ባቡር ይዤ መሐል ከተማ ወረድኩ፤ ወደ ቢጫው ተሻገርኩ። ከመሬት ሥር ሳለሁ ደህና ነበርኩ። ባቡሩ ከዋሻው ወጥቶ ወንዙ ላይ ሲደርስ፣ ብርሃኑ ድንገት ሲመጣ፣ አልቻልኩም። ፊት ለፊቴ የተቀመጠ ሰው ሶፍት አውጥቶ ሰጠኝና ጠጋ ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረልኝ።

አስተማሪዋ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው የሚኖሩት። ሩዝ ጥደው ነበር። በስድስተኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ ሁሉን ነገርኳቸው፤ የነፍስ አባት ምን እንደሆነ፣ ስምንት ወር ለሞተ ሰው ሰላምታ ስልክ መኖሬን፣ ሳያሰናብቱኝ መሄዳቸውን።

"አሰናብቱኝ ብለሻቸው ነበር?" አሉኝ።

መዋሸት እችል ነበር። "እሳቸው ላሰናብትሽ ብለውኝ ነበር" አልኩ። "እኔ ነኝ መስመሩ ተቆረጠ ያልኩት።"

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለአባ ብቻ ነበር መናገር የነበረብኝ።

ሩዙን አማስለው ክዳኑን መለሱት። "የእኔ አስተማሪ አንድ ዓመት ደብዳቤ ጻፉልኝ" አሉ። "ነይና እይኝ የሚል። እዚህ ሆስፒታል ላብራቶሪ ነበር የምሠራው። በሚቀጥለው ዓመት እመጣለሁ ብዬ መለስኩ። ደብዳቤዬ ሲደርስ እሳቸው አልነበሩም። ምንጣፉን ዘመዳቸው ላከልኝ።"

"ለክብራቸው የሚዘረጉት መስሎኝ ነበር።"

"ክብርም ነው" አሉ። "ግን በሩ ሲከፈት አሁንም ቀና ብዬ አያለሁ። ፍሬውን ተዉ እያልኩ ሳስተምር ስንት ዘመኔ ነው፤ ያንን አንዱን አልተውኩም።"

ያስተምሩኝ እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ እንደ እውነተኛ ተማሪ። ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ። "እኔ ጉልበት ነው የማስተምረው። የነፍስ አባትሽን ቦታ የምወስድ ሰው አይደለሁም። ሩዝ ግን አለ፤ ብዪ።" እሺ ብዬ በላሁ። ማጠቢያው ላይ ሳህን ላጥብ ስል እንደገና ታገልን፤ በዚያ እኔ ረታሁ።

በማግስቱ ሐሙስ ስገባ ከፊት ሁለት ምንጣፎች ተዘርግተዋል። ብርቱካናማው ላይ ወንበሬ አለ። አጠገቡ አዲስ ሰማያዊ ምንጣፍ። አስተማሪዋ በአገጫቸው ሰማያዊውን አሳዩኝ። ገባኝ። ተቀምጬ እጄን ሳነሳም ሳወርድም ዓይኔ ከእሱ አልተነቀለም። አባ እዚያ ቢቀመጡ ጫማቸውን የት እንደሚያስቀምጡ፣ መቋሚያቸውን በየት በኩል እንደሚያስደግፉ ሁሉ አሰብኩ።

ትምህርቱ እንደተጋመሰ በር ተከፈተ። አስተማሪዋ ቀና አሉ። እኔም ቀና አልኩ። በመደገፊያ የምትሄድ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ነበረች፤ አዲስ ናት። የማዕከሉ ሠራተኛ ወንበር አምጥታ ከምሰሶው ጀርባ አስቀመጠቻት።

ከዚያ የሚታየውን አውቃለሁ። ግራ ክርን ነው።

እውነቱን ልናገር፤ ወዲያው አልተነሳሁም። ስምንት ወር ተደብቆብኝ የቆየ ሐዘን ገና ዛሬ ቦታ አገኘ፤ አንድ ጠዋት እንኳ ባዶውን ቢሆን ምን ነበረበት? ቀና ብላ አንገቷን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ስትል አየኋት። እጇን ዘግይታ ታነሳለች፣ ዘግይታ ታወርዳለች። አባ ከጓዳ ያለችውን ሳይጠይቁ ቁራሽ ቆርሰው አያውቁም።

ተነሳሁ። ሰማያዊው ምንጣፍ አጠገብ ስደርስ ጎንበስ ብዬ፣ "አባ፣ ይፍቱኝ" አልኩ በአማርኛ። ከዚያ ከምሰሶው ጀርባ ሄጄ የሴትዮዋን ክንድ ያዝኩ፤ በሌላ እጄ ወንበሯን እየጎተትኩ አመጣኋትና ምንጣፉ መሐል ላይ አስቀመጥኳት። አስተማሪዋ ትምህርታቸውን አላቋረጡም።

አሮጊቷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። "የሰው ቦታ ነው የወሰድኩት?"

"የአባቴ ነው።"

"ቢመጡስ?"

አስተማሪዋ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው ነበር።

"እጅሽን አንሺ" አልኳት።