አክስቴና የዘመመው ምሰሶ

አክስቴ መብራት በጠፋ ቁጥር የያዙትን ሥራ ጥለው ወደ መብራት ቢሮ ይሄዱ ነበር። ጥበቃው «ማን መጣ ልበል?» ሲላቸው «ባለቤቷ መጣች በላቸው» ይሉታል። የመንግሥት ንብረት የእሳቸውም ንብረት እንደሆነ ከልባቸው ያምኑ ነበር። እኔ ግን በዚህ ንግግራቸው አፍር ነበር።

ባለፈው ክረምት እዚህ አዳማ፣ ሰፈራችን ካለው ትምህርት ቤት አጥር ሥር የቆመው የእንጨት ምሰሶ ዘመመ፤ ሽቦውም ልጆች በሚያልፉበት መንገድ ላይ ረገበ። አክስቴ ሁለት ቀን ተመላልሰው አመለከቱ፤ የመጣ ሰው ግን የለም። በሦስተኛው ቀን አብሬያቸው ሄድኩ።

«እማማ፣ ተመዝግቧል፤ ተራዎን ይጠብቁ» አላቸው ወጣቱ ኃላፊ።

«እጠብቃለሁ። እስከዚያው ‹ሽቦው ልጅ ቢገድል ተጠያቂው እኔ ነኝ› ብለህ ፈርምልኝ» አሉና ወረቀት ዘረጉለት።

ሰውየው እስክሪብቶውን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ስልክ ደወለ። የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ሠራተኞች መጥተው አዲስ ምሰሶ ተከሉ።

አክስቴ ዘንድሮ በበጋ አረፉ። አርባቸው ከወጣ በኋላ አንድ ቀን ረፋድ ላይ መብራት ጠፋ። ከክፍላቸው ኮቴ የሰማሁ መስሎኝ ብድግ አልኩ። ገብቼ ባይ ማንም የለም።

ወዲያው ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ ተጣራች።

«እትዬ፣ ሄደው ነገሩልን?»

ከዚያ ማረፋቸው ትዝ ብሏት ወደ ቤቷ ተመለሰች። ያን ቀን ከሰፈራችን ወደ ቢሮው የሄደ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልሄድኩም።