ያልተደፈነው ቦይ

መቱ ከተማ፣ ከቤቴ ፊት ለፊት የጎርፍ መውረጃ እየተቆፈረ ነው። ዶማው ጥቁሩን ጭቃ ሲገለብጠው የበሰበሰ ሣር ሸተተኝ።

ልጅ ሳለሁ ኖፓ ከሚባል ቦታ አጠገብ ጨፌ ነበረን፤ እግር የሚውጥ ረግረግ። አባቴ መሐሉን በቦይ ሰንጥቆ፣ ውሃውን አጠንፍፎ በቆሎ ይዘራበታል። ደንቡ፣ በቆሎው ሲነሣ ቦዩን በሣር ጓል ደፍኖ ውሃውን ለጨፌው መመለስ ነው። አንድ ዓመት ግን አባቴ ዳግመኛ ሊዘራ ብሎ ቦዩን ጭራሽ አጠለቀው። አፈሩ ተሰነጣጠቀ። አጠገባችን የነበረው፣ የእናቴ ወንድም የጋሼ ቶለራ ምንጭም ነጠፈ።

ጋሼ ቶለራ ጠዋት የሣር ጓል ተሸክመው መጡ።

«ከቦዬ ውጣ» አለ አባቴ።

«መሬቱን እኮ አረድከው።»

አባቴ ዶማውን አነሣ። ጋሼ አልሸሹም፤ ቦዩ ውስጥ በጎናቸው ተጋደሙ። «እንግዲያው በእኔ ድፈነው» አሉ።

ዶማው ትከሻቸው ላይ አረፈ። አጥንቱ እንደ እርጥብ እንጨት ተሰነጠቀ፤ ከጀርባቸው የታቆረው ውሃ ቀላ። እናቴ እየጮኸች ስትሮጥ፣ እኔ መሬት እንዴት ይታረዳል እያልኩ በተሰነጠቀው አፈር ውስጥ የመሬቱን ደም እፈልግ ነበር።

ጎረቤቶች ጋሼን በቃሬዛ ሲወስዷቸው አባቴ ተንበርክኮ እሳቸው ያመጡትን ጓል ቦዩ ውስጥ ጠቀጠቀ። በክረምቱ ውሃው ወደ ጨፌው ተመለሰ። ጋሼ ቶለራ ግን ዳግም ደጃችንን ሳይረግጡ ሞቱ።

«እትዬ፣ ትንሽ እናጥልቀው?» አለኝ የጎርፍ መውረጃው ቆፋሪ።

«ይበቃል» አልኩት። እናቴም ያን ቀን እየሮጠች የጮኸችው ይህንኑ ነበር።