ሁለት ጊዜ የተለሰነ ግድግዳ

ባለቤቴ አንድ የሕንፃ ተቋራጭ ድርጅት ውስጥ የመረጃ ተንታኝ ነበረች። ሰው ሥራዋን ሲጠይቀኝ «ኮምፒዩተር ላይ ሕንፃ ትጠብቃለች» እል ነበር። «አላውቅም ብትል ይሻልሃል» ትለኝና ትስቃለች።

ፎርማኖቹ በየቀኑ ሥራ ሲያበቃ የሠሩትን በስልክ ይልካሉ። እሷ ደምራና አነጻጽራ ማን እንደፈጠነ፣ ማን እንደዘገየ ለሥራ አስኪያጁ ታሳያለች። እሱም ያንን አይቶ ይወስናል።

አንድ ሰሞን የልስን ፎርማኖችን ስታወዳድር መጨረሻ የወጡት ጋሽ ይድረቅ ሆኑ። ስማቸው አይደለም፤ «መጀመሪያ ይድረቅ» ማለት ስለሚያበዙ ሠራተኞቹ ያወጡላቸው ነው። ሥራ አስኪያጁ ግራፉን አየና «ሰኞ ይሰናበቱ» አለ።

የዚያን ቀን ራቷን ነካክታ ተወችው።

«ቁጥሩ ልክ ነው» አለችኝ። «ግን ሰውዬውን አይቻቸው እንኳ አላውቅም።»

«ሄደሽ እያቸዋ!»

በማግስቱ መጀመሪያ የሄደችው አንደኛ የወጣው ፎርማን ሕንፃ ላይ ነበር። አንድ ሠራተኛ አዲስ ልስን በመሮ ያፈርሳል።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ውስጡ ያለው ቧንቧ ያፈሳል። ሳይፈተሽ ነበር የለሰንነው። አሁን እንደገና እንለስነዋለን።»

«ታዲያ ማታ ምን ብላችሁ ትልካላችሁ?»

«ለሰንን ብለን ነዋ! ውሸት ነው እንዴ?»

አልዋሸም። እሷ ባዘጋጀችው ቅጽ ላይ «አፍርሰን ሠራን» የሚባልበት ቦታ አልነበረም። ግድግዳው አንድ፣ ልስኑ ሁለት፤ ኮምፒዩተሩ ሁለት ግድግዳ ብሎ ቆጥሮታል።

ከዚያ ጋሽ ይድረቅ ዘንድ ሄደች። መዳፋቸውን ግድግዳ ላይ አሳርፈው ቆመዋል።

«እኅቴ፣ እንዳትደገፊው፤ ገና ነው» አሏት። ማንነቷን ስትነግራቸው ደግሞ «ኮምፒዩተሩ ሰነፍ ብሎኛል አሉ?»

«ኮምፒዩተሩ ምን አደረገ? እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ ካንቺ ጋር ይሻላል፤ እሱን ሻይ አልጋብዘው ነገር።»

ሰኞ ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆመች። «ስሕተቱ የእኔ ነው። ፈርሶ የተለሰነውን ሁሉ አዲስ ሥራ ብዬ ደምሬዋለሁ።»

«ባለፈው ለቦርዱ ያሳየሁትስ?»

«እሱም ልክ አይደለም።»

«መሰናበት ያለብሽስ አንቺ ነበርሽ!»

«ይችላሉ። መጀመሪያ ግን ይኼን ይዩልኝ።»

ፈርሶ የተሠራውን ለይታ አወጣችለት። ጋሽ ይድረቅ አንደኛ አልሆኑም፤ ሁለተኛ ሆኑ። እንደ ተረት ቢሆን አንደኛ በወጡ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ረጅም ጊዜ አየው፤ «ይቆዩ» አለ፤ «አንቺም ቅጹን አስተካክዪ።»

ባለቤቴ ካረፈች ዓመት ሊሞላት ነው። ጋሽ ይድረቅ በቅርቡ ሊያጽናኑኝ የመጡ ቀን የወጥ ቤታችንን ግድግዳ አዩት። እርጥበት ከበላው ቆይቷል፤ አሠራው እያለች ስትጨቀጭቀኝ «ነገ» እያልኩ የቆየሁት ነው። በሳምንቱ መሣሪያቸውን ይዘው መጡ፤ አሮጌውን ልስን አፍርሰው ቧንቧውን አስጠገኑ።

«ጋሼ፣ ዛሬውኑ ይለስኑትና እንገላገል» አልኳቸው።

ምን እንደሚሉኝ እያወቅሁ ነበር።

አሁን ጠዋት ጠዋት ሻይ ስጥድ መዳፌን ግድግዳው ላይ አሳርፋለሁ። ገና ነው።