እጅ ያለው የአክስቴ ልጅ

ዛሬ እዚህ ሲያትል አጠገብ፣ ሬንተን ሜዳ ላይ ቦታዬን ተነጠቅኩ። የነጠቀኝ ደግሞ ሳሎኔ ውስጥ የሚተኛው የአክስቴ ልጅ ዳዊት ነው!

ዘንድሮ ነው በዲቪ የመጣው። የአሜሪካኖቹን ፉትቦል፣ ያንን በእጅ የሚጫወቱትን፣ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያ ቀን ኳሷን ስወረውርለት በደረቱ አብርዶ በእግሩ ለጋት። በሳቅ ሞትኩ።

ሶ፣ ዛሬ ለሰፈር ቡድናችን የቀረው አንድ የሪሲቨር ቦታ ብቻ ነበር፤ ያው እየሮጠ የተወረወረለትን ኳስ የሚቀልበው ማለት ነው። አሰልጣኛችን ጋሽ ታደሰ ሁለታችንን ፈተኑን። በሩጫ ጥዬው ሄድኩ። ኳሷ ግን ከእኔ እጅ ታመልጣለች፣ እሱ እጅ ላይ ትጣበቃለች። ለካ ሰውዬው አገር ቤት በረኛ ነበር!

«ልጄ፣ እግር አለህ፤ እጅ ግን የለህም» አሉኝ ጋሽ ታደሰ።

የገዛ ልጄ ከዳር ሆና «አንክል ዳዊት ኢዝ ሶ ጉድ!» ትላለች። ያደረገው እኮ የእኔን ጓንት ነው!

አልቀናሁም ብዬ ልዋሽ ነበር፤ ግን ምሳ እንኳ አልወረደልኝም። እሱ ሁለቴ አስጨመረ።

ይባስ ብሎ መንጃ ፈቃድ ስለሌለው ወደ ልምምድ የማደርሰው እኔ ነኝ። አሁን ሶፋው ላይ ተጋድሞ «ነገ እንዳናረፍድ፣ እሺ?» ይለኛል።

እናንተስ፣ በገዛ እጃችሁ አሰልጥናችሁ ቦታችሁን ያስረከባችሁት ዘመድ አለ? ጻፉልኝ። ብቻ እሱን ታግ እንዳታደርጉብኝ፤ ስልኩን የገዛሁለትም እኔ ነኝ።