ሳሩን የነጠቀው ውሻ

በዚህ ሳምንት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ውስጥ እኛ ሰፈር አንድ ውሻ መጣ። ያመጣው ዮናስ የሚባል ባጃጅ ነጂ ጎረቤታችን ነው፤ ከአዲስ አበባ በአይሱዙ አስጭኖ። ጸጉሩ አጭር፣ ደረቱ ሰፊ፣ ጭንቅላቱ እንደ ድንጋይ የከበደ። ፒትቡል ይሉታል። ገና ከመኪናው ሳይወርድ ተፈረደበት።

እኔ ጠዋት ጠዋት ባጃጆቹ ተራ ከሚይዙበት አጠገብ ማንጎ ዛፍ ሥር ስለምቀመጥ ሁሉንም ሰማሁ።

«ይኼ ከያዘ አይለቅም። መንጋጋው ይቆለፋል።»

«ማን አለህ?»

«ስልክ ላይ አየሁ እያልኩህ!»

«እኔማ ልጆቼን ሱቅ መላክ ትቻለሁ» አለች ቆሎ የምትሸጠው ሴትዮ። «ዛሬ ባይበላ ነገ ይበላል። ዓይኑን አላያችሁትም?»

ጡረታ የወጡ አንድ መምህር አሉ፣ የጎንደር ሰው ናቸው። «እስካሁን ማንን ነከሰ? እስቲ አንድ ሰው ጥሩልኝ» አሉ። ማንም አልጠራላቸውም፤ ማንም ግን አልሰማቸውም።

እቤት ገብቼ ስልኬን ከፈትኩ። ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳዬን ካለፍኩ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። ዛሬም የማነበው በጣቴ እየተከተልኩ ነው። ግማሹ ሰው ይኼ ውሻ ገዳይ ነው ይላል። ግማሹ ሕፃን አቅፎ ይተኛል ይላል። ከዚያ ይሰዳደባሉ። ውሻውን በዓይኑ ያየ የሚመስል አንድ ሰው አላገኘሁም።

በነጋታው ማርቆስ መጣ። ማርቆስ እዚሁ ሰፈራችን ሱቅ አለው። የታደለ ልጅ ነው። ታደለ ማን እንደሆነ ኋላ ላይ እነግራችኋለሁ።

«ጋሼ፣ እሑድ ዮናስ ቤት ሽማግሌ ልንልክ ነው» አለኝ። «ውሻውን እንዲያስወጣ። እርስዎ ከፊት ይሁኑልን። ሳሩን እርስዎ ካነሡት እምቢ አይልም።»

ሳር ሲል ጆሮዬ ጋለ።

ጋሞ ላልሆነ ሰው ነገሩን ላስረዳ። እኛ ዘንድ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ፊትህ ከቆመ አለቀ። ጦር ይዘህ እንኳ ብትሆን ታስቀምጣለህ። እሺ ትላለህ። ያንን ሳር የረገጠ ሰው ልጁም ከብቱም መሬቱም አይቀናውም ብለን ነው ያደግነው። ጥሩ ልማድ ነው፤ ብዙ ደም አስቀርቷል። ታደለ ግን ይህንን ልማድ ወስዶ ውሻዬን ገደለበት።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። እኔ ጎረምሳ ነበርኩ። ከላይ ከተራራው፣ ከኦቾሎ ወርጄ ጫኖ አክስቴ ቦጋለች ዘንድ ሙዝ እጠብቅ ነበር። አክስቴ ባሏ ሞቶባት ያንን ማሳ ብቻዋን የያዘች ሴት ናት። ጫኖን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከላይ ተራራ፣ ከታች ሸክላ የመሰለው የአባያ ውኃ፣ መሐል ላይ እኛና ሙቀቱ። ቀን ዝንጀሮ ይመጣል፣ ማታ ከርከሮ። ምሳችን ኩርኩፋ ነበር፤ የበቆሎ ድብልብል ከሽፈራው ቅጠል ጋር ተቀቅሎ፣ ዳጣ ጣል ተደርጎበት። ያንን በሙዝ ጥላ ሥር ተቀምጬ ስበላ አጠገቤ አንድ ውሻ ይቀመጥ ነበር። ዳማ።

ዳማን ትቶት የሄደው ቦይ ሊያሠራ የመጣ ፈረንጅ ነው። የፈረንጅ ስሙን ማንም ሊጠራው ስላልቻለ እኔ በቀለሙ ዳማ አልኩት። ልክ እንደዚህ እንደ ዮናስ ውሻ ነበር፤ ፒትቡል ይሁን ሌላ ዘር እኔ አላውቅም። ሰው ግን ያኔም ያውቅ ነበር! «ፈረንጁ የሰው ሥጋ ነው ያበላው» አሉ። «ከጅብ ተዳቅሎ ነው» አሉ። በኛ ማሳ በኩል ወደ ገበያ ያልፉ የነበሩ ሴቶች መንገድ ቀየሩ። ይኼ የሰው ሥጋ በላ የተባለው ውሻ የበሰለ ማንጎ ወዳጅ ነበር፤ ፍሬውን በሁለት እግሩ ይዞ ሲልሰው ይውላል። ነጎድጓድ ሲጀምር ደግሞ አክስቴ ቀሚስ ውስጥ ይደበቃል። እሷም «አንተ ወንድ አይደለህም እንዴ?» እያለች ጆሮውን ታሸዋለች።

አንድ ጨዋታ አስተምሬው ነበር። ከቦዩ ዳር እርጥብ ሳር እነቅልና ጭብጥ አድርጌ እዘረጋለታለሁ። እሱ አንዱን ጫፍ በጥርሱ ይይዛል፣ እኔ ሌላውን እይዛለሁ፣ እንጓተታለን። ካሸነፈ እግሬ ሥር ያስቀምጥና እንደገና እንድይዝ ይጠብቀኛል። በየቀኑ፣ ምሳ ከበላን በኋላ።

ይህንን ጨዋታ በየቀኑ የሚያይ ሰው ነበር። ታደለ። አቶ አልለውም። ታደለ የውኃ አባት ነበር፤ የቦዩን ውኃ ለየማሳው በተራ የሚለቀው እሱ ነው። ከኛ ማዶ የቦዩ መዝጊያ ላይ ተቀምጦ ይስቅብን ነበር።

«አንተ ልጅ! ውሻህ በሬ ነው እንዴ? ሳር ይበላል?»

«ይጫወታል እንጂ አይበላም» እለዋለሁ።

«የድሃ ውሻ ነዋ። ሥጋ ሲያጣ ሳር ለመደ!»

በጋው የከፋ ነበር። የሙዙ ቅጠል ጫፉ ተቃጥሎ ነበር። ተራው የአክስቴ በሆነ ቀን፣ ሰው ሁሉ ከሙቀት ሸሽቶ ጥላ በያዘበት ሰዓት፣ ታደለ መጥቶ የኛን ውኃ ዘግቶ ወደ ራሱ ማንጎ መለሰው። ሲያደርገው የመጀመሪያው አይደለም። የዚያን ቀን ግን ዳማ አየው። ሄዶ የሱሪውን እግር ያዘ። ሥጋውን አልነካም፤ ሱሪውን ብቻ። ያዘና ቆመ። ሮጬ ስደርስ ታደለ አካፋውን አንሥቶ ነበር፤ እኔን ሲያይ ጣለውና እግሩን መነጨቀ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ተቀደደ።

በዚያ በተቀደደ ሱሪ መንደሩን ዞረው። በየደጁ ቆመ። «የፈረንጁ አውሬ ሊበላኝ ነበር» አለ። ስለ ውኃው የጠየቀው የለም። ሰው ሲጠብቀው የነበረውን ወሬ አገኘ።

ነገሩ ሸንጎ ገባ። ሸንጎው ሾላ ዛፍ ሥር ነው፤ ሽማግሌዎቹ በየድንጋያቸው ተቀምጠው ሰው ሁሉ ተራውን ጠብቆ ይናገራል። በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት አባባ ዋዳ «ውሻውም ይምጣና እንየው» ስላሉ ዳማን በገመድ ይዤው ሄድኩ።

ታደለ ሱሪውን ዘርግቶ አሳየ። አክስቴ ተነሥታ ስለ ውኃው ተናገረች፤ አንዳንዱ አጉረመረመ፣ አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። ዳማ ደግሞ በዚህ መሐል ደከመውና ሄዶ አባባ ዋዳ እግር ላይ ጭንቅላቱን ጥሎ ተኛ። ማንኮራፋት ጀመረ።

አባባ ዋዳ ጎንበስ ብለው አዩት። «ታደለ» አሉ፣ «አንተን ሊበላህ የነበረው ይኼ ነው?»

ሸንጎው ሳቀ። መንገድ የቀየሩት ሴቶች ሳይቀሩ ሳቁ። አንዷ «ነብሩን እንቅልፍ ወሰደው!» አለች። ነገሩ አልቆ ነበር። ዳማ ድኖ ነበር።

ታደለ ያኔ ተነሣ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። የቅን ሰው ፊት አሳየ።

«አባቶቼ፣ እኔም ክፋት አልፈልግም። ይቅር ብያለሁ። እባክዎ አባባ፣ ሳሩን ያንሡልንና በእርቅ እንለያይ።»

«ተባረክ!» ተባለ። «ሰው ማለት እንዲህ ነው!» ተባለ። አክስቴ እንኳ እንባዋ መጣ። እኔ ብቻ የሆነ ነገር ቅር አለኝ፤ ምን እንደሆነ ሳላውቀው ሽማግሌው ተነሡ። ከቦዩ የመጣውን እርጥብ ሳር በሁለት እጃቸው ይዘው ዘረጉት።

ዳማ ነቃ። ጆሮው ቆመ። ጭራው ተወዛወዘ። ገመዱን ጠበቅ ከማድረጌ በፊት ዘሎ ሳሩን ከሽማግሌው እጅ ነጠቀ፣ ራሱን ሁለቴ ነቀነቀ፣ አምጥቶ እግሬ ሥር አስቀመጠው። ቀና ብሎ እያየ እንድይዝለት ይጠብቀኝ ጀመር።

ከዚያ አንዲት ሴት ጮኸች። የእርቅ ሳር ውሻ አፍ ገባ! ጎሜ ነው፣ ጎሜ ነው የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው መጣ። ጎሜ የምንለው ነውር ነው፤ ግን አድራጊው ላይ ብቻ የማይቀር፣ ዝናብ የሚያስቀር፣ ከብት የሚፈጅ ነውር። «ጨዋታ ነው! እኔ ነኝ ያለማመድኩት! ታደለም ያውቃል!» ብዬ ጮህኩ። ማን ይሰማል? ታደለን አየሁት። መሬት መሬት እያየ ነበር። የከንፈሩ ጫፍ ግን ወደ ላይ ሄዷል። ያንን ከንፈር እስከዛሬ ስተኛ አየዋለሁ።

ዳማ ይወገድ ተባለ። ጠመንጃ ያለው አንድ ታጣቂ ነበርና እሱ ታዘዘ። ውሻው ለሌላ ሰው አልሄድ ስላለ እስከ ቦዩ ዳር ገመዱን ይዤ የወሰድኩት እኔ ነኝ። በመንገዱ ሁሉ የሳር ጭብጡን ባፉ ይዞ ነበር።

ተመልሼ ስመጣ አባባ ዋዳ አዲስ ሳር ይዘው ጠበቁኝ። «ልጄ፣ ታደለን እንዳትነካው። ማሳውንም፣ ከብቱንም።» ሳሩ ፊቴ ነው። እሺ አልኩ። ምን ልል እችል ነበር? ገጀራዬን ስዬ ነበር። ማንጎዎቹን አንድ በአንድ መርጫቸው ነበር። በእሺ ሁሉም ቀረ።

ግን ስለ ውሻ ስም ማንም ምንም አላለኝም።

በእኛ አገር የሚናገረው ያለው ሰው ውሻ ይገዛና ነገሩን የውሻው ስም ያደርገዋል። እኔም አንድ ነጭ ቡችላ ለመንኩና ስሙን «ማን አስነሣው» አልኩት። በጋሞኛ ነው ያወጣሁለት፣ ትርጉሙ ይኸው ነው። ታደለ መዝጊያው ላይ ሲቀመጥ ጠብቄ እጣራለሁ። «ማን አስነሣው! ና! ማን አስነሣው!» ገበያ ቀን፣ መንገዱ በሰው ሲሞላ፣ ሳንባዬ እስኪነድ እጣራለሁ።

«ምንድን ነው ስሙ?» ይሉኛል።

«ያንን ሳር ማን ነበር እንዲነሣ የጠየቀው? እስቲ አስታውሱ።»

ከዚህ በላይ አንድ ቃል አልጨመርኩም። ቃሌን አላፈረስኩም። ሰዉ ግን ማስታወስ ጀመረ። ዳማ በየቀኑ ሳር ሲጓተት ያዩ የነበሩ ሙዝ ጫኞች ነበሩ፤ እነሱ ለሌላው ነገሩ። ልጆች ለጨዋታቸው ወሰዱት። ታደለ ሲያልፍ ከየሙዙ ሥር «ማን አስነሣው?» የሚል ድምፅ ይመጣል። እሱ መሳቅ ተወ። አንድ ቀን ማዶ ቆሞ «የዚያን ውሻ ስም ቀይር!» አለኝ። «ምነው፣ ከፋህ?» አልኩት።

ቀጣዩ በጋ ሲገባ የውኃ አባት የሚመረጥበት ሸንጎ ተቀመጠ። ያው ሾላ፣ ያው ድንጋይ። የታደለ ስም ሲጠራ አባባ ዋዳ እጃቸውን አነሡ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። የዚያን ቀን ሳሩን ያስነሣኸኝ፣ ውሻው እንደሚነጥቅ እያወቅህ ነው?»

እዚያ ቦታ አይዋሽም። የሚዋሽ ሰው አለ ቢሉኝም ታደለ ግን አልደፈረም። ቆመ። ዝም አለ። ዝምታው ረዘመና ሽማግሌው ዘንጋቸውን ይዘው ፊታቸውን አዞሩበት። ከሳቸው በኋላ ሁሉም አንድ በአንድ ፊቱን አዞረበት። የውኃ አባትነቱ ሄደ። ተራውም የመጨረሻው ተደረገ፤ ውኃው እሱ ጋ ሲደርስ ጭቃ ነው። ማንጎው ፍሬውን ሳያበስል ሲያራግፍ እኔ ማዶ ተቀምጬ ኩርኩፋዬን እበላ ነበር። እንደዚያ የጣፈጠኝ ምሳ የለም። ብዙም ሳይቆይ ጫኖን ለቆ አርባ ምንጭ ገባ፤ እዚሁ ሞተ።

ይኸው ነው ታደለ። በቃህ የሚለኝ ሰው አለ። አልበቃኝም። ሰውዬው ማንጎ አጣ፤ ዳማ ግን እያመነኝ ነው የሞተው።

ትናንት ዮናስ ቤት ሄድኩ። ከመንገድ ዳር እርጥብ ሳር ነቅዬ ነበር። «ጋሼ፣ ይጠንቀቁ» አለ ዮናስ፤ ገመዱን አሳጠረው። ጭብጡን ዘረጋሁለት። ውሻው አሸተተው፣ አየኝ፣ ከዚያ አንዱን ጫፍ ቀስ ብሎ በጥርሱ ያዘ። ጎተትኩ። ጎተተ። መንጋጋው ይቆለፋል የተባለው ውሻ እኔ ስለቅ ለቀቀ። ዮናስ ሲስቅ እኔ ፊቴን ማዞር ነበረብኝ።

ነገ እሑድ ነው። ለማርቆስ እመጣለሁ ብዬዋለሁ። ከፊት እሆናለሁ፣ ሳሩንም እኔ አነሣለሁ። ዮናስ ደጃፍ ስንደርስ፣ ሰፈሩ በሙሉ ተሰብስቦ ሲያይ፣ ዞር እልና ሳሩን የምዘረጋው ማርቆስ ፊት ነው። «ልጄ፣ ይህንን ውሻ እንዳትነካው» እለዋለሁ። እምቢ አይልም፤ ሳር ነው። አባቱ ያስነሣውን እሱ ይቀበላል።